ማኅተሙስ አለ፤ ኧርዙስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነው የሚባለው መቼ ነው? ማን ያረጋግጣል? ወረቀቱስ ምን ያህል ይታመናል? አምስቱን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ደሴ ሸዋ በር የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለኝ። ገመድ፣ ሶኬትና ብሬከር ከጅምላ ነጋዴ ነው የማመጣው። የንግድ ተቆጣጣሪዎች መጥተው «የጥራት ወረቀቱን አሳይ» አሉኝ። እኔ አስመጪ አይደለሁም፤ ወረቀቱ የኔ ዕዳ ነው እንዴ?
ባለሱቅ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወረቀቱን የማውጣት ግዴታ የአምራቹና የአስመጪው ነው። እርስዎ ግን ከደረጃ በታች የሆነ ዕቃ ሲሸጡ ከተገኙ «የጅምላው ነጋዴ ነው ያታለለኝ» ማለት ብቻውን አያድንዎትም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግዴታ የሚጥለው በቸርቻሪውም ላይ ነው።

በሩን እንዳይሳሳቱ አሠራሩን እናስቀድም። ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩት ነው። ዕቃ ፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። ገበያውን የሚቆጣጠሩት ደግሞ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርና በክልል፣ በዞንና በከተማ ያሉት የንግድ መዋቅሮች ናቸው። ደረጃ ማውጣቱና መፈተሹ ቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ጥላ ሥር ስለነበረ፣ ዛሬም «ጥራትና ደረጃ» ብሎ የሚሄድ ሰው ከማይመለከተው ቢሮ ደጃፍ ተሰልፎ ይውላል። ከደረጃዎቹም አንዳንዶቹ በፈቃድ የሚተገበሩ ናቸው፤ የሰው ሕይወትና ንብረት የሚነኩት ደግሞ አስገዳጅ ይሆናሉ። የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ከአስገዳጆቹ አንዱ ነው።

ችግሩ ያለው «ሰርተፍኬት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ገበያ ውስጥ በዚህ ስም የሚዞሩት ቢያንስ አራት ዓይነት ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው የፍተሻ ውጤት ነው፤ ላቦራቶሪ ስለገባችው ናሙና ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው ለአንድ ጭነት የተሰጠ የተስማሚነት ምስክር ወረቀት ነው፤ የዚያን ጭነት ብዛት፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ይዘረዝራል፤ ቀጥሎ የገባውን ጭነት አይሸፍንም። ሦስተኛው የምርት ምስክር ወረቀት ነው፤ ፋብሪካው ተጎብኝቶ፣ ናሙና ተወስዶ፣ ከዚያም በየጊዜው ክትትል እየተደረገ የሚጸና ነው። ለሻጭ ከሁሉ የሚሻለው ይኼ ነው። አራተኛው የአይ.ኤስ.ኦ 9001 ወረቀት ነው። እሱ የፋብሪካውን የአመራር ሥርዓት እንጂ ገመዱን አይመለከትም፤ ጅምላ ነጋዴው በመስታወት ገጥሞ የሰቀለው ግን ብዙ ጊዜ እሱኑ ነው።

ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ሲቀበሉ ከዕቃው ጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ። የሞዴል ቁጥሩ አንዲት ፊደል ካጣ ወረቀቱ የሌላ ዕቃ ነው። የሰጪውን ድርጅት ስምና የወረቀቱን ቁጥር ይዘው ሰጪውን ራሱን ይጠይቁ እንጂ ወረቀቱ ላይ የታተመውን ስልክ አይመኑ። ደረሰኝዎ ላይም «ገመድ 10 ጥቅል» ተብሎ አይጻፍ፤ የንግድ ምልክቱ፣ ውፍረቱና ሞዴሉ ይስፈር። ያ ከሌለ ዕቃው ከማን እንደመጣ ማሳየት አይችሉም።

ወረቀቱ ተሟልቶ ሳለም ገመዱን ራሱን ይፈትሹት። ድፍን የመዳብ ሽቦ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ በ100 ሜትር ያለው ተቃውሞ ከ0.741 ኦም መብለጥ የለበትም፤ 1.5 ከሆነ ከ1.21 ኦም። መልቲሜትሩን በጥቅሉ ሁለት ጫፎች ይግጠሙ፣ የመለኪያውን የራሱን ሽቦዎች ተቃውሞ (ሁለቱን ጫፎች አነካክተው ያነቡታል) ይቀንሱ። የ1.5ቱ ጥቅል 1.9 ወይም 2 ኦም ካሳየዎት ወይ ቀጥኗል ወይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። በቢላ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከሚገባው በጣም ያነሰ ካሳየ ደግሞ ጥቅሉ 100 ሜትር አይሞላም። ለስፒናና ለሶኬት እግር ማግኔት ያስጠጉ፤ ከሳበው ነሐስ ሳይሆን ብረት ነው፤ ሲጫኑት ይግላል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የገዛሁት የውኃ ማፍያ ላይ «ሲ.ኢ.» የሚል ምልክት አለው። ጓደኛዬ «የአውሮፓ ጥራት ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው» ይላል። የትኛው እውነት ነው?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ሁለቱም ተሳስተዋል። «የቻይና ኤክስፖርት» የሚባል ይፋዊ ምልክት የለም። ሲ.ኢ. ደግሞ የጥራት ሽልማት ሳይሆን የአምራቹ የራሱ ቃል ነው፦ «ይህ ዕቃ የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ ያሟላል» ብሎ ራሱ ይፈርምበታል። ከ50 እስከ 1000 ቮልት በሆነ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ዕቃዎችን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መመሪያ ቁጥር 35 ነው። በእሱ መሠረት አምራቹ የቴክኒክ ሰነዱን አዘጋጅቶ 10 ዓመት ያስቀምጣል፤ ዕቃውን የግድ ሦስተኛ ወገን እንዲፈትሽለት አይገደድም። ሰነዱን የሚጠይቀውም የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያንን ሰነድ የሚጠይቅ አካል ስለሌለ ምልክቱ እዚህ ክብደቱ ትንሽ ነው።

በሦስተኛ ወገን ፍተሻ የሚሰጡት እንደ ጀርመኑ ቪ.ዲ.ኢ.፣ እንደ አሜሪካው ዩ.ኤል. ያሉት ምልክቶች ናቸው። የቻይናው ሲ.ሲ.ሲ.ም በሀገሩ አስገዳጅ ነው። እነዚህም ቢሆኑ በስቲከር ይመሰላሉ። የሲ.ኢ. ምልክት ቁመቱ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ የ«ኢ» መካከለኛ ሰረዝ ከላይና ከታቹ ያጥራል፤ ሰረዙ እኩል ሆኖ ካገኙት አታሚው ሕጉን አላየውም ማለት ነው። ማፍያው ላይ ከዚህ ይልቅ የሚፈልጉት የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን፣ ቮልቱን (220 የሚያካትት)፣ 50 ኸርዝንና ዋቱን ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ስለ ሲ.ኢ.ው መከራከር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የኤሌክትሪክ ምጣድ እንሠራለን። ሸክላውን እንገዛለን፤ ሽቦውን እኛ ጠምጥመን፣ ጀሶውን ሞልተን፣ ቆርቆሮውን አልብሰን እንሸጣለን። አንድ ማኅበር 40 ምጣድ ሊገዛን ፈልጎ «የደኅንነት ማረጋገጫ አምጡ» አለን። ከየት እንጀምር?
ምጣድ ሠሪዎች፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አብሽሩ፣ የሚቻል ነው። ግን ከማመልከቻው በፊት ምጣዱን አስተካክሉት። ናሙና አስገብቶ ወድቆ መመለስ ክፍያውንም ወሩንም ይበላል።

በቅድሚያ ደረጃውን ከስታንዳርዶች ኢንስቲትዩት ገዝታችሁ አንብቡት። የቤት ዕቃዎች ደኅንነት መሠረቱ የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ 60335 ነው። ፈታሹ በእጁ ይዞ የሚመጣው ዝርዝር ከዚያ የወጣ ነው።

ከሽቦው እንነሳ። 3500 ዋት ብላችሁ የምትጽፉበት ምጣድ በ220 ቮልት 15.9 አምፔር ይስባል፤ የሽቦው ተቃውሞ 13.8 ኦም መሆን አለበት። ቶሎ እንዲግል ብሎ ከሽቦው አንድ አሥረኛውን የሚቆርጥ ሠሪ አለ። ያን ጊዜ ተቃውሞው 12.4 ይሆንና ዋቱ ወደ 3900፣ አምፔሩ ወደ 17.7 ይወጣል። ሽቦው ቶሎ ይቃጠላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ በምጣዱ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ውሸት ይሆናል፤ ፍተሻ ላይ ለመውደቅ ይኸው ይበቃል። እያንዳንዱን ጥቅል ከመቅበራችሁ በፊት ለኩና በመዝገብ ጻፉት፤ 40 ምጣድ ከሆነ 40 መስመር። ይህ መዝገብ በኋላ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ነው።

የሽቦው ጫፍ ከመዳቡ ገመድ የሚገናኝበት ቦታ አብዛኛው ምጣድ የሚሞትበት ነው። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል እዚያ ቦታ አይሠራም፤ የሸክላ ተርሚናልና ብሎን ከዋሸር ጋር ያስፈልጋል። ከተርሚናሉ እስከ ሽቦው ያለው መሸፈኛ ሙቀት የሚችል፣ የመስታወት ጭረት ወይም ሲሊከን ይሁን፤ ተራው የፕላስቲክ ልባስ 70 ዲግሪ ላይ ይዳከማል። ወደ ውጭ የሚወጣው ገመድ የጋለውን ቆርቆሮ ሊነካ ስለሚችል የፕላስቲክ ሳይሆን የጎማ ይሁን፤ ውፍረቱም ለ15.9 አምፔር 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በደረጃው ይፈቀዳል፤ እኛ ግን ለምጣድ ከ2.5 በታች አንመክርም። እንጀራ ጋጋሪ ሁለት ሰዓት ሙሉ አታጠፋውም፤ ቮልቱም አንዳንድ ቀን 240 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ያው ምጣድ 17 አምፔር ያልፋል። ከተቻለ በስፒና ሳይሆን በግድግዳ ማብሪያና በ20 አምፔር ብሬከር በቀጥታ እንዲገጠም በመመሪያው ጻፉ።

አሁን ወደ ኧርዙ፣ ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ወደሚወስደው ሽቦ። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ በስንጥቁ ይገባል፤ ማሰሻውም እርጥብ ነው። ሽቦው ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኘው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውና እግሩ ሁሉ በአረንጓዴ-ቢጫ ሽቦ ከኧርዝ ጋር ይታሰር። ለኧርዙ የራሱ ብሎን ይኑረው፤ ክዳን የሚያጠብቀውን ብሎን ለኧርዝም መጠቀም አይፈቀድም፤ ክዳኑ ሲከፈት ኧርዙም አብሮ ይፈታልና። ተርሚናሉ ውስጥ የኧርዙን ሽቦ ከፌዙና ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣውና ከሚመልሰው ሽቦ) ረዘም አድርጉት፤ ገመዱ ቢጎተት ፌዙና ኒውትራሉ ቀድመው እንዲበጠሱ፣ ኧርዙ መጨረሻ እንዲቀር።

ላቦራቶሪው ከሚለካቸው ሁለቱን አስቀድማችሁ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። ከምጣዱ የኧርዝ ተርሚናል እስከ ቆርቆሮው ያለው ተቃውሞ ከ0.1 ኦም አይበልጥም፤ የሚለካውም በመልቲሜትር ሳይሆን ቢያንስ 25 አምፔር አሳልፎ ነው። ቀለም ላይ የታሰረ ኧርዝ በመልቲሜትር ሲያልፍ እዚያ ግን ይወድቃል፤ ቀለሙን ፍቁ። ሁለተኛው የሚያፈስሰው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቋሚ ለሆነ የማሞቂያ ዕቃ በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት 0.75 ሚሊ አምፔር ይፈቀዳል፤ ለ3500 ዋት 2.6 ገደማ ማለት ነው። አዲስ ጀሶ እርጥበት ይይዛል፤ ሳይደርቅ ከተለካ ይወድቃል፤ ገዢ ቤት ገብቶም 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጠውን ብሬከር ይጥላል፣ «ምጣዱ ሾርት ነው» ተብሎም ይመለሳል። ከመሸጣችሁ በፊት በደንብ አግላችሁ አድርቁት።

አንድ የሚናቅ ነገር አለ፦ ስም ጽሑፉ። የሠሪው ስም፣ ሞዴል፣ ቮልት፣ ኸርዝና ዋት የማይጠፋ ሆኖ ይጻፍ። ፈታሹ በውኃ በራሰ ጨርቅ 15 ሰከንድ፣ ከዚያ በቤንዚን መሰል ፈሳሽ በራሰ ጨርቅ 15 ሰከንድ ያሸዋል። በማርከር የተጻፈ ወዲያው ይለቃል፤ በቆርቆሮ ላይ ተቀርጾ የተመታ ይቀራል።

ይህ ሲሟላ ንግድ ፈቃዳችሁንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ለተስማሚነት ምዘና ድርጅት ታመለክታላችሁ። ለ40ው ብቻ ከሆነ የናሙና ፍተሻ ሊበቃ ይችላል፤ ማኅበሩ የትኛውን ወረቀት እንደሚፈልግ በጽሑፍ ጠይቁት። ሥራውን የምትቀጥሉበት ከሆነ ግን ወደ ምርት ምስክር ወረቀቱ ሂዱ፤ በዚያ መንገድ የመሥሪያ ቦታው ይታያል፣ ናሙናውንም እናንተ መርጣችሁ አታመጡም፤ እነሱ ከክምችቱ ያነሳሉ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ደሴ ውስጥ ለአንድ ሕንፃ የብሬከር ቦርድ ስገጥም ከቻይና የመጣ ዕቃ ላይ የተራራ ቅርጽና «2000» የሚል ቁጥር አየሁ። ደግሞ ወልዲያ ለሚሠራ ዘመዴ ቤት ኧርዝ ልቀብር ብል ድንጋዩ አላስገባ አለኝ። ሁለቱንም መልሱልኝ።
ኤሌክትሪሽያን፣ ከደሴ

መልስ፦ ስለ መጀመሪያው፦ ያ ምልክት ዕቃው የተፈተሸው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ላሉ ቦታዎች ብቻ መሆኑን ይናገራል። ደሴና ላሊበላ ከ2400 ሜትር በላይ ናቸው፤ ኮምቦልቻ ግን ቁልቁለቱን ወርደው ከ2000 በታች ያገኟታል። ያው ዕቃ ኮምቦልቻ ላይ በወሰኑ ውስጥ ነው፤ ደሴ ላይ ከወሰኑ ውጭ።

ምክንያቱ አየሩ ስስ መሆኑ ነው። ስስ አየር ሁለት ነገር ያበላሻል፦ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን ክፍተት ብልጭታ በቀላሉ ያልፈዋል፣ የጋለውም ዕቃ በቶሎ አይቀዘቅዝም። ለክፍተቱ ዓለም አቀፉ ደረጃ 3000 ሜትር ላይ 1.14 እጥፍ ይጠይቃል፤ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው 3.4 ሊሆን ይገባል። የቤት ብሬከር ደረጃም የተጻፈው እስከ 2000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ይህ ማለት ደሴ ላይ ያለ ብሬከር ሁሉ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ የተያዘለት ትርፍ ተቀንሷል ማለት ነው። ስለዚህ ከአምራቹ የከፍታ ሠንጠረዥ ያለውን ብሬከር ይምረጡ፤ ሠንጠረዥ ከሌለው ሙሉ አምፔሩን አይጫኑት። ብሬከሮቹን ጎን ለጎን አያጣብቁ፣ ቦርዱን በጣሪያ ሥር በተዘጋ ሳጥን አይቅበሩ። ኢንቨርተርና ትልቅ ቻርጀር ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ሙቀታቸው ብዙ ነውና።

ስለ ኧርዙ፦ ድንጋይ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ መትቶ መቆም ምን እንደሚያስከትል ቁጥሩን ይዩት። ባለ 20 አምፔር፣ ዓይነቱ ሲ የሆነ ብሬከር ለሾርት ፈጥኖ እንዲወድቅ 200 አምፔር ያህል ማለፍ አለበት፤ በ220 ቮልት የጠቅላላው መንገድ ተቃውሞ ከ1.1 ኦም በታች ይሁን ማለት ነው። ድንጋያማ መሬት ያንን በዘንግ አይሰጥም። 20 ኦም ቢሆን 11 አምፔር ብቻ ያልፋል፤ ብሬከሩ አይወድቅም፤ የፍሪጁ ቆርቆሮ ግን በሙሉ ቮልቱ ይቆያል። መድኃኒቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጠው ብሬከር ነው። እሱ ካለ 20 ኦሙም አይጎዳም። ሆኖም ዘንጉን አይተዉት፤ አንዱ አልገባ ሲል ሁለት ወይም ሦስት፣ በዘንጉ ርዝመት ያህል አራርቀው፣ አፈር ባለበት በግቢው ዝቅተኛ ቦታ ይምቱ፤ በባዶ መዳብ ሽቦ ያያይዟቸው። የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ወደ ውጭ የሚፈስበት የግቢ ጥግ ሁሌ እርጥብ ስለሆነ ጥሩ ቦታ ነው። ጨው መጨመር ለጊዜው ቁጥሩን ያሳምርና ዘንጉን ይበላል።

የብቃት ማረጋገጫዎንም አይርሱ። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ ያለ ፈቃድ አይሠራም፤ ፈቃዱ በሚሠሩት የሥራ ደረጃ የተወሰነ ስለሆነ የቤት መስመር የሚፈቅድ ወረቀት ለሕንፃው ሦስት ፌዝ ቦርድ ይበቃ እንደሆን ወረቀቱ ላይ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ባቲ በሰኞ ገበያ ቀን ፍሪጅ ገዛሁ። በሩን ስነካው ነዘር ነዘር ያደርገኛል። ሻጩ «ዕቃው ደህና ነው» ብሎ አልመልስም አለኝ። ሕጉ ከኔ ጋር ነው?
ከባቲ

መልስ፦ ሕጉ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከተገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልዎ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስልዎ የመጠየቅ መብት ሰጥቶዎታል፤ ሻጩም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግን ከመሄድዎ በፊት ፍሪጁን ኧርዝ ያለው ቤት ወስደው በሦስት እግር ስፒና ይሰኩት። ነዘሩ ከጠፋ ጉድለቱ የቤትዎ ነው፤ ብዙ ፍሪጅና ኮምፒዩተር ኧርዝ ሳያገኝ ሲቀር ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀመጣል። ኧርዙን በሁለት እግር አዳፕተር ቆርጠውት እንደሆነም ይመልከቱ። ኧርዝ ባለበት ቤት ብሬከሩን ከጣለ ግን ፍሪጁ ነው፤ ያን ጊዜ ደረሰኙን፣ የስም ጽሑፉን ፎቶና ብሬከሩ መውደቁን ያየ የኤሌክትሪሽያን አጭር ጽሑፍ ይዘው 15ኛው ቀን ሳያልፍ ለሻጩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ እምቢ ካለ የማመልከቻውን ቅጂ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያስገቡ። እስከዚያው ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው ያቆዩት።